አሥራ አራት አፍ

ጥቅምት 4

ለልጄ፤

ጤናሽን አልጠይቅም። ታመሽ ቢሆን ኖሮ ስድስት ገጽ ሙሉ ትእዛዝ ለመጻፍ ጉልበት ባልኖረሽ ነበር። እኔም ደህና ነኝ። እሱን ተሻገርነው።

ጽሕፈቴን ታገሺው። ፊደል የቆጠርኩት የቧንቧ ዕቃ ካታሎግ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስልኩን ግን ተይው። አርባ አንድ ዓመት ብረት ሲቀጠቀጥበት የኖረ ጆሮ አንቺ የምትጮሂውን «ሃሎ» ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉርምርምታ ነው። ደግሞ በስልክ የተባለ ነገር ነገ «መቼ አልኩ» ይባላል። እኔና አንቺ ውል አለን፤ ውል ደግሞ በወረቀት ነው።

እንዳትረሺው ውሉን ልድገምልሽ። እናታችሁ ካረፈች በኋላ አንቺና ታላቅ ወንድምሽ መጣችሁ። ድስቴን ከፈታችሁና ባዶ ነው አላችሁ። ቀበቶዬን አይታችሁ ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል አላችሁ። ወንድምሽ እዚያው ቆሞ ከጓሮው ያለችውን ክፍል ሊያስቀባልኝ ቀለም መምረጥ ጀመረ። እኔ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ከዚያ አንቺ፣ ወደብ ላይ ተቀምጠሽ የባሕር ውኃ በብልቃጥ እየቀዳሽ መመርመርን ሥራ ነው የምትዪው፣ ይህን የመስታወት ገንዳ አሸክመሽ መጣሽ። ውስጡ የሚገባውን ፍጥረት የካቲት ላይ ለፈቃድ እስክትመጪ በሕይወት ካቆየሁት ቤቴ እኖራለሁ። ከሞተብኝ ወንድምሽ ጓሮ እገባለሁ። «ሌላ ነፍስ መመገብ የሚችል ሰው ራሱን ይመግባል» ነው ያልሽው፤ አፍሽ መቼም ቅቤ ነው። ፈርሜአለሁ። ፊርማዬን አላጥፍም።

ሥራውን በተመለከተ፦ ገንዳውን እንዳልሽው እናትሽ ልብስ ትሰፋበት የነበረው ክፍል አስቀመጥኩት፤ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ። ወለሉን በውኃ ልክ ለክቼዋለሁ፤ አንቺ የተውሽው ጠረጴዛ ወደ ግራ ሁለት መስመር ያጋድል ነበር። የተማረ ሰው ሥራ! ከሥሩ ሽብልቅ አድርጌ አስተካከልኩት። ባሕሩንም በባልዲ በጠበጥኩ። ውኃውን በዚያ እንደ ሽንት በሚንጠባጠብ ማጣሪያሽ አሳለፍኩ፣ ጨውሽን ጨመርኩ፣ በጨው መለኪያው እያየሁ ሠላሳ አምስት ላይ አቆምኩት። ድንጋዮቹን ደረደርኩ። አሁን ውኃው እስኪበስል አምስት ሳምንት ጠብቅ ብለሻል። እሺ፣ ምንም በሌለበት ውኃ ፊት ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው። ጎረቤት ቢያየኝ ምን እንደሚል አንቺው ገምቺው።

መስኮቱን ጠየቅሽኝ። አልከፈትኩትም። ፍጥረቱ ብርሃን አያሻውም ካልሽ፣ የሚከፈትበት ምክንያት የለም።

አባትሽ


ኅዳር 16

ለልጄ፤

የላክሽው ነገር ደረሰ። አበባ የመሰለ ነገር ነው ስትዪኝ ነበር። የመጣው ግን ኪንታሮት ነው። በቡጢ ልክ የሆነ ብርቱካናማ ድንጋይ፣ ላዩ ላይ አሥራ አራት ኪንታሮት። ያመጣው የጌጥ ዓሣ የሚሸጠው ሰውዬ ነው። እኔ ጢሞ እለዋለሁ፤ ሱቁ ካሉት ዓሦች አንዱን ቁርጥ ነው። «አባት፣ ይህ ኮራል ነው፤ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። አልገባውም።

ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት። ምንም የለም። በማግስቱም ምንም። ሞቶ ነው የተላከልኝ፣ ውሉ የተንኮል ነው ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ ደብዳቤሽ ሽሪምፕ የተባለው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ጠብ አደረግኩበት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ኪንታሮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከየአንዳንዱ አፍ ዙሪያ ቢጫ ጣቶች ወጡ። ሲሸታቸው ነው ለካ የሚነቁት! ብዙ የሆቴል እንግዳ እንደዚያ አውቃለሁ።

ለምን በእጅ እንደሚመገብ ጢሞ አስረዳኝ። ሌላው ኮራል ብርሃን ካገኘ ሰውነቱ ውስጥ ምግብ የሚሠሩለት ረቂቅ ነገሮች አሉት፤ ይኼኛው የሉትም። ፀሐይ አይሞቅ፣ ሠርቶ አይበላ። አፉን ከፍቶ ሽማግሌ ይጠብቃል። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሽሪምፕ በረጅም ቱቦ ይዞ አሥራ አራቱን አፍ አንድ በአንድ ማዳረስ። አንዱን ዘልዬ እንደሆነ እንዳልረሳ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ሰባተኛው ሰነፍ ነው፤ ተይዞለትም ይተፋል። አሥራ ሁለተኛው ስግብግብ ነው። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ይፈጃል። በዚህ ሰዓት እኔ የአንድ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ገጥሜ ጨርሼ እጄን ታጥቤ ነበር።

ከድንጋዩ ጋር የላክሽው ቀይና ነጭ ሸርጥ የለበሰችው ሽሪምፕ ሌባ ናት። ከአፋቸው ነው የምትነጥቀው። ዘወር ስል ስድስተኛው አፍ ውስጥ እስከ ክርኗ እጇን ከታ አገኘኋት። የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ ድንጋዩ ላይ ደፋሁበት፤ በአንገቱ በኩል አጎርሳለሁ፤ እሷ በውጭ ዞራ ዞራ ታያለች። ይህን መጽሐፍ አላስተማረኝም።

እኔ ምን እንደምበላ ጠይቀሻል። እንዴ! የምንጻጻፈው ስለ ድንጋዩ መሰለኝ።

ሌላ ጉዳይ። ከፓምፑ ወደ ገንዳው ውኃ የሚመልሰው ያ ላስቲክ ቱቦሽ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። በደቂቃ አራት ጠብታ። ቧንቧ ሠራተኛ ቤት ውስጥ! አላስተኛኝም።

አባትሽ


ኅዳር 27

አባዬ፤

ስድብህ በሙሉ ደርሶኛል፤ የጎደለ የለም። ጢሞንም እንደዚያ አትበለው፤ በየሳምንቱ ጨውህን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው እሱ ነው።

የጠርሙሱን ዘዴ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። አንዷ ስንት ዓመት የሠራህ ባለሙያ ነህ ብላ ጠየቀችኝ። አርባ አንድ አልኳት። አልዋሸሁም።

ቁጥር መስጠትህን እንደወደድኩት አልናገርም፤ ብናገር ትተወዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ቱቦውን አትንካው። ከሥሩ ጨርቅ አድርግና ተወው፤ የካቲት ስመጣ እኔ እቀይረዋለሁ። የባሕር ውኃ አንተ እንደምታውቀው ውኃ አይደለም። እባክህ አባዬ።

ወንድሜ ቀለሙን መርጧል። ክሬም ነው። እኔ ገና ነው ብዬዋለሁ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፤

አትንካው ትዪኛለሽ? እኔን?

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምናልባት መነጽሬ ይሆናል ብዬ። አንቺ ዳይፐር ለብሰሽ ወለል ላይ ስትድኺ የሆስፒታል ቦይለር የገጠምኩ ሰውዬ፣ ከጠብታ ሥር ጨርቅ አንጥፌ ልቀመጥ? ጨርቅ የሚያነጥፈው ወንድምሽ ነው። የሩቢኔቶ ጎማ ለማስቀየር ሰው የሚጠራው እሱ ነው፤ ከዚያም ሰውየው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ስለ አየር ሁኔታ ያወራዋል። ክሬም ቀለም! ያ የሆስፒታል መተላለፊያ ቀለም ነው።

ቱቦሽን ነቅዬ ጣልኩት። በምትኩ የሰው ሥራ ገብቷል። ከምን እንደተሠራ አልነግርሽም፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ፤ ጨለማው ውስጥ እንኳ ያበራል። በገበያ የማይገኝ ዕቃ ነው። አሮጌው ቤት ስንገባ በመጀመሪያው ዓመት ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር የገጠምኩት ቧንቧ ነው። እንግዳ የማያየውን ነገር እናትሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ተንበርክካ ትወለውለው ነበር። «ማን ያይልሻል?» ስላት «እኔ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ቤት ስንወጣ ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። እስከ ዛሬ የሚገባው ቦታ አላገኘሁለትም ነበር።

አሁን አንዲት ጠብታ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አስቀምጬ አየሁት። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ነው።

አሥራ አራቱም በልተዋል። ሰባተኛው እንኳ።

ምስጋና አያስፈልግም።

አባትሽ


ታኅሣሥ 17

አባዬ፤

ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ፤ የመጨረሻው ፖስታ ሳይወጣ ልድረስ ብዬ ቆሜ ነው የምጽፈው። ስልክ አሥር ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሣም።

የሚያበራው ምንድን ነው? የወጥ ቤቱ ቧንቧ መዳብ አልነበረም? ቫልቩስ ነሐስ አይደለም? መዳብ ከሆነ ዛሬውኑ፣ ይህን እንዳነበብክ አውጣው። ነሐሱንም አውጣው፤ እሱም መዳብ አለበት። ጨዋማ ውኃ ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ ውኃው ውስጥ ይቀራል። አንተን አይጎዳህም፣ እኔን አይጎዳኝም፤ የጀርባ አጥንት የሌለውን ፍጥረት ግን ጥቂቱ ይገድለዋል። መጀመሪያ ሽሪምፗ፣ ከዚያ ኮራሉ። ለጢሞም መልእክት ልኬለታለሁ፤ ግን ዕቃ ሊያመጣ መንገድ ላይ ነው አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አትንካው ከምልህ ምክንያቱን ብጽፍልህ ኖሮ አትነካውም ነበር።

አንዲት ቃል ብቻ መልስልኝ፦ መዳብ ነው ወይ?

ልጅህ


ታኅሣሥ 28

ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

እዚህ ብርዱ በርትቷል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ውሻ ገዝታለች፤ ስሙን የምትጠራው የሰው ልጅ በሚጠራበት ድምፅ ነው፤ አፍሬላታለሁ። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ሳምንት ሆነው፤ ስድስት ቤተሰብ በዳበሳ ይወጣል ይወርዳል፤ ማንም ወንበር ይዞ አይወጣም። እኔ ቀየርኩት። አመሰግናለሁ ያለኝ ውሻው ብቻ ነው።

ወንድምሽ የጓሮዋን ክፍል ፎቶግራፍ ልኮልኛል። አልጋው ጠባብ ነው። መስኮቷ በቀጥታ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የምታየው። ፎቶው ላይ ጣቱ ገብቷል። ሌንሱን በጣቱ የሚሸፍን ልጅ አሳድጌአለሁ።

ስለ አፎቹ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። አርፈዋል። ሰሞኑን ብዙም አይከፈቱም። ብርዱ ይሆናል።

ጥያቄሽን አይቼዋለሁ።

ወረቀቱ አለቀ።

አባትሽ


ጥር 9

ለልጄ፤

ባለፈው ወረቀቱ አላለቀም ነበር። ጀርባው ባዶ ነበር።

መዳብ ነው። ቫልቩም ነሐስ ነው። አሁን መለስኩልሽ።

ደብዳቤሽ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ጠዋት ደረሰ። ቆሜ አነበብኩት፤ ሳልቀመጥ መፍቻ ይዤ ገባሁ። አወጣሁት። ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። እናትሽ ሃያ ዓመት ስትወለውለው አንድ ቀን አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም። እኔ በአሥራ ስምንት ቀን አደረግኩት።

ሌባዋ ቀድማ ሞታ ነበር፤ ደብዳቤሽ ሳይደርስ አምስት ቀን ቀደም ብላ። ጥግ ላይ በጀርባዋ ተኝታ አገኘኋት። እሰይ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። እንደዚያ አልኩ። በማግስቱ ጠርሙሱን ድንጋዩ ላይ ስደፋ ማንን እየከለከልኩ እንደሆነ ጠፋኝ።

ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ሥጋቸው እንደ እርጥብ ወረቀት እየተላጠ ሄደ። ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛውና አራተኛው በአንድ ቀን። ስግብግቡ አሥራ ሁለተኛው ሳይቀር ሄደ። ከሥር ነጭ አጥንት ነው የሚቀረው። ጢሞ ከመንገድ እንደተመለሰ አንድ ከረጢት ከሰል ተሸክሞ መጣ፤ ማጣሪያው ውስጥ ጨመርነው፤ መርዙን ይይዛል አለ። በየቀኑ ሩቡን ውኃ ቀየርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ሞቱ። ስድስት አሉ፤ እነሱም ከተከፈቱ ነው።

አሁን የማፍርበትን ሳይሆን የተናደድኩበትን ልንገርሽ። ጢሞ እኔን ሲያየኝ አዘነልኝ። «አባት፣ ሱቅ ውስጥ መንትያው አለ። ያው ብርቱካናማ፣ በቡጢ ልክ። አሥራ አምስት አፍ አለው፤ አንዱን እናነሣለታለን። ልጅህ በምን ታውቃለች?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት ልጻፍልሽ? ይህን ሰው እስከ ዛሬ የናቅኩት ሲያንሰው እንደነበር ያኔ ገባኝ። «ስማ» አልኩት፣ «እኔ አርባ አንድ ዓመት ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ቀብሬአለሁ። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማንም አያይም። አንድም ቀን ግን መጥፎ መጋጠሚያ ቀብሬ አልሄድኩም። አሁን ላንተ የድንጋይ መንትያ ስል ልጀምር?» ከሰሉን ሳያስከፍለኝ ሄደ። በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ ሰባተኛው አፍ ትንሽ የተነፋ መስሎኛል ብሎ። እውነቱን ነበር። ሰነፉ ተርፏል።

ሁለት ቀን ግን አሰብኩበት። እሱንም እወቂው። ወዲያው እምቢ ያልኩ አስመስዬ ነው የጻፍኩት፤ አይደለም። የጮኽኩበት ነገሩን ካቀረበልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን መንትያ በልቤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ያምር ነበር።

ስለዚህ ውሉ ፈርሷል። አፍራሹ እኔ ነኝ፤ ጨዉም ወንድምሽም አይደሉም። እንዲወስደኝ ንገሪው። ሰው ግን አይላክ፤ ራሱ ይምጣ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጽፈሻል። ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። የራሴን ጥፋት ሌላ ሰው እንዲገጥምልኝ አልጠራም።

አባትሽ


ጥር 17

አባዬ፤

ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ሃያ አምስት ቀን ከቀትር በኋላ ይመጣል። ራሱ ነው የሚመጣው።

እኔ ጨምሬ ምንም አላልኩትም፤ ስንት እንደቀሩም አልነገርኩትም። አንተ ንገረው።

ደብዳቤህን ሳነብ ላይብረሪ ውስጥ፣ ሰው መካከል ስለነበርኩ፣ እንዳያዩኝ ወጥቼ ሄድኩ።

ልጅህ


ጥር 29

ለልጄ፤

ወንድምሽ መጣ፤ ሄደ።

ልብሴን በሁለት ሻንጣ አሰናድቼ፣ ጫማዬን አስሬ በር ላይ ነው የጠበቅኩት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። «አባባ፣ ዝግጁ ነህ?» አለኝ። «ዝግጁ ነኝ። ስድስቱ ግን በአሥር ሰዓት ይበላሉ፤ ሳይበሉ አልንቀሳቀስም» አልኩት። «ምኖቹ?» አለ።

ያንን ክፍል እናትሽ ካረፈች ወዲህ አልገባበትም ነበር። በሩ ላይ ቆመ። የልብስ መስፊያውን አየ። ከዚያ እኔ ወንበሯ ላይ ስቀመጥ እሱ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። የሽሪምፑን ውኃ ጠብ አደረግኩ። «ምንም የለም እኮ» አለ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ። ዝም በል አልኩት። እሱን በሕይወቴ ዝም ያሰኘሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አንደኛው ተከፈተ፣ ከዚያ ዘጠነኛው፣ ከዚያ ሌሎቹ።

የማጉረሻውን ቱቦ ሰጠሁት። ከአራት ሽሪምፕ ሦስቱን አሸዋው ላይ ጣለ። ወለሉ ላይም ግማሽ ባልዲ የባሕር ውኃ ደፋ፤ በራሱ መሐረብ ጠረገው። ሰባተኛውን ለማጉረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ሰነፉ ተፋበት። «ተፋው!» ብሎ ጮኸ። «እንደገና ስጠው» አልኩት። «በየቀኑ እንዲህ ነው?» አለኝ። «በየቀኑ» አልኩት። «እነዚህስ?» አለ ነጩን አጥንት እያየ። ነገርኩት። መዳቡንም አምጥቼ አሳየሁት። ያውቀዋል ለካ። በልጅነቱ እናቱ አጠገብ ተንበርክኮ ጨርቁን የሚይዝላት እሱ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አላየሁም።

አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ረኃብ ይዞት እንደነበር ሆዱ ሲጮህ ሰማሁ፤ በዚህ ጆሮዬ። ድስቱን ከፈተ። ባዶ አልነበረም። ከጎናቸው ካልበላሁ በስተቀር ሰዓቱ አያልፍልኝምና፣ ለራሴ ከአሥር ሰዓት በፊት እየሠራሁ ነው። አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ አይደለም። ሁለታችን በላን። ዘመድ ላይ አፍ እንዳላበዛ ብዬ ነው እንጂ አበላሉ እንደ አሥራ ሁለተኛው ነው።

ሻንጣዎቹን አንሥቶ ወደ መኪናው የሚወስዳቸው መስሎኝ ነበር። መልሶ ቁም ሣጥኑ ሥር አስገባቸው። «የካቲት እሷ ስትመጣ ትወስን» አለ። እየወረደ ደረጃው ላይ ደግሞ ዞሮ «ቤቴ ማጠቢያው ያንጠባጥባል» አለኝ። «መጥተህ ታየዋለህ?» ዕቃዬን ይዤ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሠርቼ በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ። በላስቲክ ነው የምገጥምለት፤ መዳብ አይገባውም።

ስለዚህ ውሳኔው ያንቺ ነው። አልለምንሽም። ውሉ አሥራ አራት ነበር፤ ያለኝ ስድስት ነው፤ ስትመጪ ቁጠሪያቸው።

አንድ ነገር ግን መዝግቢ፣ በኋላ ደበቀኝ እንዳትዪ። ትናንት ሦስተኛው በሞተበት አጥንት ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ብርቱካናማ እባጭ አየሁ። ጢሞን ጠራሁት። በማጉሊያ አይቶ «ልጅ ነው፤ አዲስ አፍ እያበቀለ ነው» አለኝ። «ኪንታሮት ነው» አልኩት። ያ ዓሣ ሳቀብኝ።

ዛሬ በአሥር ሰዓት አንዷን የምግብ ሽሪምፕ በመርፌ ጫፍ አራት ቦታ ከፍዬ ሩቧን ሰጠሁት። ተቀበለ።

ቁጥር አልሰጠሁትም። የሚሰጠው አንቺ ስትመጪ ነው።

አባትሽ